ከቫዮሊን እስከ ገዳም
የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የሕይወት ታሪክ

በዚህ የቤተ ሰብ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት አያያዝ ብዙ ጊዜ ተጽፎአል። ዛሬ ግን ስለ አንዲት የመኳንንት ልጅ፥ ስለ ቫዮሊንና ስለ ፒያኖ ለመጻፍ ያነሣሣንን ምክንያት አስቀድመን እንገልጻለን።

ዓለም ከተማ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን፥ ከጀማ ወንዝ ሸለቆ ማዶ፥ በመርሐ ቤቴ ምድር የምትገኝ ከተማ ናት። ከሙከ ጡሪ ተነሥቶ በለሚ በኩል የሚወስደው መንገድ እስከ ጀማ ድረስ ቁልቁል ወርዶ እንደ ገና ሽቅብ ስለሚወጣ፥ ወደዚያ የሚሄድ ሰው አገሩን ሳይደርስበት አስቀድሞ ያየዋል። በዚህች ከተማ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ሴት ልጃቸውን አስከትለው ወደ እኛ መጡና ማመልከቻ እንድንጽፍላቸው ለመኑን። ልጅቱ ትምህርቷን በደኅና የፈጸመች ስትሆን፥ አሳቧ አዲስ አበባ ወርዳ በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ቫዮሊን ለመማር ነው። አባትየው ግን ማመልከቻውን ለማስጻፍ መጥተው ሳለ ልባቸው ገና አልቈረጠም ነበርና፥ «ጌታው፤ እርስዎ ፊደል የቈጠሩ ሰው ነዎት፤ እስቲ እውነቱን ይንገሩኝ። መሰንቆ ተሸክሞ በየሰርጉ ቤት የሚዞረውን ሰው ሳየው ኖሬአለሁ። ልጄን አስተምሬ አስተምሬ መጨረሻዋ ይኸው ነውን?» ብለው ጠየቁን።

ይህ ጥያቄ የእኒያ ሽማግሌ ብቻ አይደለም። በአገራችን አዝማሪ የሚለው ስም ለረዥም ዘመን እንደ ስድብ ሲነገር ኖሮአል። የሚያስደንቀውም ነገር ይኸው ሕዝብ አዝማሪው በሌለበት ሰርግ ደስ የማይለው፥ ያለ አዝማሪ ግጥምም የጀግናውን ስም የማያስታውስ መሆኑ ነው። በገናን ስንመለከት ነገሩ ሌላ ነው፤ የዳዊት መሣሪያ ነው ተብሎ ስለሚከበር፥ መኳንንቱና ወይዛዝርቱ በጾም ወራት በገና መደርደርን ነውር ነው ብለው አያውቁም። እንግዲህ ጅማትን መምታት ክብር ሲሆን ጅማትን በደጋን መጐተት ውርደት የሚሆንበትን ምክንያት ማን ሊያስረዳን ይችላል? እኛ መርምረን አላገኘነውም።

መሰንቆና ቫዮሊን በዘር ባይገናኙም በሥራ ዘመዳሞች ናቸው። መሰንቆ በቆዳ የተለበጠ አራት ማዕዘን ሣጥንና ረዥም አንገት ያለው ሆኖ፥ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ጅማት ብቻ አለው፤ ደጋኑም እንዲሁ የፈረስ ጭራ ነው። ቫዮሊን አራት ጅማቶች አሉት፤ ዛሬ ባለው መልኩም የተሠራው እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ16ኛው መቶ ዓመት በኢጣሊያ አገር ነው። የቫዮሊን ደጋን ደግሞ ዛሬም ከፈረስ ጭራ ይሠራል። በኹለቱም አንገት ላይ ጣት የሚያርፍበትን ቦታ የሚያሳይ ምልክት የለም። ፒያኖ የሚማር ልጅ ቍልፉን በተጫነ ጊዜ ድምፁ ተቃንቶ ይወጣለታል፤ ቫዮሊን የሚማር ልጅ ግን ድምፁን በጆሮው ፈልጎ በጣቱ ማግኘት አለበት፤ የገብስ ቅንጣት ያህል ቢስት ስሕተቱ ወዲያው ይሰማል። ስለዚህ ቫዮሊን በሕፃንነት ካልተጀመረ በኋላ እጅግ ይከብዳል ይባላል፤ ለሕፃናትም በቁመታቸው ልክ ትንንሽ ቫዮሊን ይሠራላቸዋል።

ለሽማግሌው በዚያን ቀን የነገርናቸው ታሪክ እንግዲህ የሚከተለው ነው። (ዓመተ ምሕረቱ ኹሉ በአገራችን አቈጣጠር ነው።)

በኋላ እማሆይ ጽጌ ማርያም የተባሉት ወይዘሮ የውብዳር ገብሩ በታኅሣሥ ወር 1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በወጣትነታቸው በስዊስ አገር የተማሩ፥ የጀርመን ቋንቋ የሚያውቁ፥ ነገሥታቱንም ያገለገሉ ታላቅ ሰው ነበሩ፤ እናታቸው ወይዘሮ ካሳዬ የለምቱ ይባላሉ። የተወለዱበትም ዓመት ለአገራችን የሙዚቃ ታሪክ የሚታወስ ነው፤ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን በጎበኙ ጊዜ ወላጆቻቸው ያለቁባቸውን 40 የአርመን ልጆች አይተው፥ ነፋስ መሣሪያቸውን እንደያዙ ወደ ኢትዮጵያ ያስመጧቸው በዚሁ ጊዜ ነውና። በዚያ ዘመን የኤውሮጳ ሙዚቃ በአገራችን ማለት የሰልፍ መለከትና ከበሮ ነበር። ቫዮሊንን በእጁ የያዘ የኢትዮጵያ ሕፃን እምብዛም አልነበረም።

ከንቲባ ገብሩ ግን ልጅን ማስተማር በወንዶች ብቻ መቅረት የለበትም የሚል አሳብ ስለ ነበራቸው፥ የውብዳርን በ6 ዓመታቸው ከታላቅ እኅታቸው ከስንዱ ጋር ወደ ስዊስ አገር ሰደዷቸው። እኒህ ስንዱ ገብሩ በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ኀላፊ፥ ደራሲ፥ ለሕዝብ ምክር ቤትም የተመረጡ የመጀመሪያይቱ ሴት የሆኑት ናቸው። የ6 ዓመት ሕፃን ከእናቷ ጕያ ወስዶ ባሕር ማዶ ማሳደር ቀላል ነገር አይደለም፤ በዚህ ገጽ የሚያነቡ እናቶች ይህን ያውቁታል። የውብዳር በዚያ አዳሪ ትምህርት ቤት አስቀድመው ቫዮሊን፥ ቀጥለውም ፒያኖ ተማሩ፤ በ10 ዓመታቸውም በሰው ፊት ቆመው ቫዮሊን ተጫወቱ። እንግዲህ በዓለም ኹሉ በፒያኖ የታወቁት እማሆይ የመጀመሪያ መሣሪያቸው ቫዮሊን እንደ ነበረ አንባቢ ልብ ይበልልን።

ወደ አገራቸው በ1925 ዓ.ም. ገደማ ተመልሰው በቤተ መንግሥት በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ለመዘመር በቁ። ዳሩ ግን ብዙም ሳይቆይ የኢጣሊያ ወረራ መጣ። በ1929 ዓ.ም. ከቤተ ሰባቸው ሦስት ሰዎች በፋሺስቶች እጅ ሲገደሉ፥ የተረፉት በምርኮ ተይዘው አዚናራ ወደምትባል ደሴት፥ ከዚያም በናፖሊ አጠገብ ወዳለችው ወደ መርኮሊያኖ ተወሰዱ። ቫዮሊንን ለዓለም የሰጠችው ያችው ኢጣሊያ ቫዮሊን የተማረችውን የኢትዮጵያ ልጅ በደሴት ላይ አስራ ማስቀመጧን ስናስብ ዛሬም ይገርመናል። የ13 ዓመት ልጅ በምርኮ ቤት ምን ያህል መለማመድ ትችላለች? ልምምድ የተቋረጠበት ጣት እንደ ዛገ ማጭድ ነው፤ ስሎ ለመመለስ ብዙ ድካም ይጠይቃል።

አገራችን ነፃ ከወጣች በኋላ የውብዳር የተቋረጠውን ትምህርት ለመቀጠል ወደ ካይሮ ሄዱ። በዚያም አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች የሚባሉ የፖላንድ ተወላጅ የቫዮሊን ሊቅ አስተማሪያቸው ሆኑ። በቀን ዘጠኝ ሰዓት ያህል ቫዮሊንና ፒያኖ እያፈራረቁ ይለማመዱ እንደ ነበር ይነገራል። ዘጠኝ ሰዓት ማለት ከማለዳ ተነሥቶ እስከ ማታ የሚያርስ ገበሬ የሚደክመውን ያህል መድከም ነው፤ ሙዚቃ የሰነፎች ሥራ ነው የሚል ሰው ይህን ይቍጠረው። በኋላም ወደ አገራቸው በተመለሱ ጊዜ አስተማሪያቸው አብረዋቸው መጡ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ኮንቶሮቪችን የክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ሹም አድርገው ሾሟቸው። የውብዳርም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፥ ከዚያም በክብር ዘበኛ በጽሕፈትና በአስተዳደር ሥራ አገለገሉ። ከዚህ በኋላ በክብር ዘበኛ ሙዚቃ የተነሡትን እውቅ ተጫዋቾችና ዘፋኞች አንባቢዎቻችን ስለሚያውቋቸው ስማቸውን በመዘርዘር አናደክምም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደርሰናል። የውብዳር በለንደን በሚገኘው ንጉሣዊ የሙዚቃ አካዳሚ ገብተው እንዲማሩ ዕድል ተከፈተላቸው። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የደከሙበት፥ በምርኮ ያልጠፋው፥ በካይሮ የታደሰው አሳብ ኹሉ ወደዚህ በር የሚያመራ ነበር። ነገር ግን የመሄጃው ፈቃድ ተከለከለ። የክልከላውን ምክንያት እርሳቸውም በኋላ ዘመን በሰፊው መናገር አልወደዱም። እኛም በጽሕፈት ሥራ የምንኖር ሰዎች ስለ ሆንን አንድ ነገር እንናገራለን፤ አንድ ወረቀት ሳይፈረም በመቅረቱ የአንድ ሰው ዕድሜ ሊለወጥ ይችላል። ፈራሚው በማግሥቱ ይረሳዋል፤ የተከለከለው ግን እስከ ዕለተ ሞቱ ያስበዋል።

የውብዳር ከዚያ በኋላ እህል አልቀምስም ብለው 12 ቀን ቆዩ። ሰውነታቸው ደክሞ ሐኪም ቤት ገቡ፤ ለሞትም ቀረቡ። በዚያን ጊዜ ቅዱስ ቍርባን ተቀብለው ረዥም እንቅልፍ ተኙ፤ በነቁም ጊዜ ልባቸው ጸጥ ብሎ አገኙት። ሙዚቃንም ተዉት። ከቀን በኋላም ከዚህ በፊት ከእናታቸው ጋር ወደ ተሳለሙት ወደ ግሸን ማርያም ማንም ሳያውቅ ከአዲስ አበባ ወጥተው ሄዱ። በቅርቡ በቤተ መንግሥት የነበሩ፥ የኤውሮጳ ቋንቋ የሚናገሩ ወይዘሮ በወሎ በአምባሰል ተራራ ላይ ምንኵስናን ተቀበሉ፤ ስማቸውም ጽጌ ማርያም ተባለ። ግሸን በመስቀል ቅርጽ የተሠራች አምባ እንደ ሆነች፥ ግማደ መስቀሉም በዚያ እንዳለ ኹላችንም ሰምተናል። እማሆይ በዚያ 10 ዓመት ያህል በጭቃ ጎጆ፥ ያለ ጫማ በባዶ እግራቸው ኖሩ። ጫማ መተዋቸው ለእግራቸው ሕመም ምክንያት ሆኖአል።

የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነገር አለ። ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ አምባሰል ይባላል፤ ሙዚቃን ሸሽተው የሄዱት ሴት የተጠጉት በዚሁ ስም በሚጠራ ምድር ነው።

ከገዳም ወርደው ከእናታቸው ጋር መኖር ከጀመሩ በኋላ እጃቸው እንደ ገና ወደ ፒያኖ ተመለሰ። በ1950ዎቹ ዓመታት የቅዱስ ያሬድን ዜማ ለማጥናት ጎንደር ተቀመጡ። በዚያም ዕለት ዕለት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመላለሱ የቆሎ ተማሪዎችን ያዩ ነበር። የቆሎ ተማሪን ኑሮ በቤተ ክህነት ያደገ ሰው አይረሳውም። ከመንዝም፥ ከመርሐ ቤቴም፥ ከጎጃምም ዜማና ቅኔ ፍለጋ በእግሩ ተጕዞ፥ ደበሎ ለብሶ፥ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቍራሽ ለምኖ፥ በውሻ ተነክሶ፥ በደጀ ሰላም ወድቆ የሚያድር ነው። እማሆይ እነዚህን ልጆች በሜዳ ተኝተው ባዩ ጊዜ አዘኑ፤ የሚሰጧቸው ገንዘብ አልነበራቸውምና ያለኝን ሙዚቃ እሰጣለሁ ብለው ቈረጡ። እንዲህ ሆኖ በ1959 ዓ.ም. በጀርመን አገር የመጀመሪያ ሸክላቸው ታተመ፤ ገንዘቡም ለድኾች ልጆች መርጃ እንዲሆን ታሰበ። ከዚያም በኋላ ሌሎች ሸክላዎችን ለዚሁ በጎ አድራጎት አሳትመዋል።

በክልከላው የተዘጋውን በር የከፈተው የቆሎ ተማሪ ነው ብንል ያጋነንን አይመስለንም። የተከለከሉበትን ጊዜ ሙዚቃውን የፈለጉት ለራሳቸው ስም ነበር፤ ለዚህም ማንም አይወቅሳቸውም፤ የተማረ ሰው የትምህርቱን ፍሬ ማየት ይወዳል። በጎንደር ግን የሚጫወቱለት ሌላ ሰው ተገኘ።

ሙዚቃቸውን ለሰማ ሰው መግለጽ አያስፈልግም፤ ላልሰማው ጥቂት እንበል። ቃል የሌለው፥ ቀስ ብሎ የሚሄድ፥ ድንገት ደግሞ እንደ ውሃ የሚንቆረቆር ነው። አንዱን ድርሰታቸውን መጠለያ ስለሌለው መንገደኛ፥ ሌላውን ስለ እናት ፍቅር፥ ሌላውን ስለ ዮርዳኖስ ወንዝ ብለው ሰይመውታል። የውጭ አገር አድማጮች ከራሳቸው ሊቃውንት ጋር ያመሳስሉታል። በእኛ አስተያየት ግን ከኤውሮጳ የተማሩት የእጅ አያያዙን ነው፤ ዜማው የትዝታና የያሬድ ልጅ ነው። ይልቁንም አንዱን ድምፅ ከመያዛቸው በፊት በዙሪያው ያሉትን እየነካኩ የሚያልፉበት መንገድ ፒያኖ ሊያደርገው የማይችለውን ነገር ያስመስላል። ፒያኖ ድምፅን ሊያንሸራትት አይችልም፤ ጅማትና ደጋን ይችላሉ። በሕፃንነት ቫዮሊን የያዘ እጅ ይህን ከቶ አልረሳውም ብለን እናምናለን፤ ሌላ የሚፈርድ ሰው ካለም እንሰማዋለን።

በዘመነ ደርግ ከ1969 እስከ 1977 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በፒያኖ እየታጀቡ በራሳቸው ድምፅ የዘመሯቸውን መዝሙሮች በቤታቸው ቀድተው አስቀምጠዋል። ስለ ሞተ ዘመድና ስለ ስደት የሚናገሩ ናቸው። እነዚህ መዝሙሮች ለሕዝብ የወጡት እርሳቸው ካረፉ በኋላ በ2016 ዓ.ም. ነው። በ1976 ዓ.ም. ገደማ ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በደብረ ገነት ገዳም ተቀመጡ። አንዲት ጠባብ ክፍል፥ አንድ አልጋ፥ አንድ ፒያኖ፥ በግድግዳው ላይ ሥዕላት፤ ኑሯቸው ይህ ነበር። ከአገር ውጭ ስማቸው በሰፊው የታወቀው በ1998 ዓ.ም. ድርሰቶቻቸው በፈረንሳይ አገር በሚታተመው ኢትዮፒክስ በሚባለው ተከታታይ 21ኛ ቍጥር ሆነው በወጡ ጊዜ ነው፤ በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው 82 ዓመት ነበር። በከረጢት ውስጥ አጭቀው ያኖሯቸውን በእጅ የተጻፉ የድርሰት ወረቀቶች ማያ ዱኒዬትዝ ለምትባል ፒያኖ ተጫዋች ሰጥተዋት፥ በ2005 ዓ.ም. በመጽሐፍ መልክ ታተሙ። በመጋቢት ወር 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው በዚያው በኢየሩሳሌም ዐረፉ።

ሽማግሌው ይህን ኹሉ ዝም ብለው ሰሙን። ልጅቱ በበሩ አጠገብ ቆማ ነጠላዋን በጣቷ ትጠመዝዝ ነበር። ጥቂት ቆይተው፥ «እንግዲህ እኒህ የከንቲባ ልጅ አዝማሪ ተባሉ ወይስ መነኵሲት?» ብለው ጠየቁን። «ሙዚቃን የተዉት መነኵሲት ሳይሆኑ ነው፤ የተመለሱበትም መነኵሲት ሆነው ነው» ብለን መለስንላቸው። ወደ ልጃቸው ዞረው፥ «አንቺ ልጅ፤ እህል አልቀምስም እንዳትዪኝ ብቻ» አሏት፤ እርሷም አንገቷን ደፍታ ሳቀች።

ለእርሳቸው ያልነገርናቸው አንድ ነገር ግን አለ፤ እዚህ ላይ እንጽፈዋለን። ቫዮሊን መማር አንድ ዓመት የሚፈጅ ነገር አይደለም። ቤተ ሰቡ ልጅቱን አዲስ አበባ ካስገባ በኋላ ለብዙ ዓመታት የቤት ኪራይዋንና ቀለቧን ሊችል ይገባዋል፤ የራሷ መሣሪያም ያስፈልጋታል፤ ጅማቱም እያረጀ ይበጠሳል። በሕፃንነቷ ባለመጀመሯ ከእርሷ ቀድመው የጀመሩትን ለመድረስ እጥፍ ትደክማለች። ተምራ ስትወጣ የምትሠራበት ቦታም ጥቂት ነው። ይህን ያልነገርናቸው ፈርተን ነው፤ ነገሩን ካበዛንባቸው ማመልከቻው ሳይጻፍ ይመለሳሉ ብለን ሰጋን። ትክክል ይሁን ስሕተት አናውቅም።

ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት በቡልጋሪያ መንግሥት ርዳታ የተሠራ፥ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኝ ነው። በስድስተኛው መቶ ዓመት በአክሱም በኖረው በማኅሌታዊው ስም መሰየሙን ለሽማግሌው በነገርናቸው ጊዜ ፊታቸው ፈካ አለ። «ይህማ የቤተ ክርስቲያን ነገር ነው» አሉ። እኛም አላስተባበልንም። ከዚያ ወንበሩን ስበው ተቀመጡና፥ «በሉ ይጻፉ፤ ስሟን በደንብ አጉልተው ይጻፉት» አሉን። ማመልከቻውን ጽፈን ሦስት ጊዜ አነበብንላቸው፤ በሦስተኛው ላይ ከመነጽራቸው በላይ ልጃቸውን ተመለከቱና ብዕሩን ተቀብለው ፈረሙ።